ሞኝና ወረቀት

አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ስለ ሞኙ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ወረቀቱ ግን ሲኤምሲ ብቅ በሉና እኔን ጠይቁኝ፤ ወረቀት የያዘውን ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ቆራሌው!» የሚለው ጩኸት ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ጎረቤታችን እትዬ በራቸውን ከፍተው ሁለት ማዳበሪያ ጆንያ እየጎተቱ አወጡ። ባለቤታቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። በሕይወት ሳሉ ከሥራ መልስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የጽሕፈት መኪና ሲቀጠቅጡ መንደሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። አጫጭር ልብ ወለዶች ነበሯቸው፤ አንድ ረጅም ልብ ወለድም ጀምረው ነበር። ጠጋ ብዬ አንዱን ጆንያ ገለጥ ሳደርግ ያው የማውቀው ጽሑፍ ነው።

«እትዬ፣ ይኸ የጋሼ ድርሰት አይደለም እንዴ?»

«ምን ላድርገው ብለህ ነው ልጄ? ቤቱ ሊታደስ ነው። ልጆቹ ባሕር ማዶ ናቸው። አይጥ እየበላው ከሚያሳዝነኝ የበርበሬ መጠቅለያ ቢሆን ይሻላል።»

ከቆራሌው ጋር ተከራክሬ አንድ እስር ወረቀት አስቀረሁ። ቀሪው ሄደ። ማታ ፈትቼ ሳየው አንድ አንቀጽ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። በየጊዜው አንድ ቃል ይወጣል፤ ሌላ ይገባል። በሰባተኛው ላይ ሁሉም ተሰርዞ በእርሳስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርቷል። እኒያ ሰው ዝነኛ አልነበሩም። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ እንዴት አስቦ እንደሚጽፍ ያን ሌሊት ያየሁትን ያህል በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ክፍል አላየሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያው ሰሞን የማነበው ስለ አንድ ጉባኤ ነበርና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በፕራግ ከተማ፣ በቻርልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ምሁራን ተሰብስበው «ሳሙኤል ቤኬትና ቴክኖሎጂ» በሚል ርእስ ተወያይተዋል። ቤኬት የአየርላንድ ተወላጅ፣ የዘመናዊነት ዋነኛ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ያረፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው «የክራፕ የመጨረሻ ቴፕ» በተባለው ተውኔት አንድ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ በልደቱ ቀን ብቻውን ተቀምጦ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ የቀዳውን የገዛ ድምፁን በቴፕ ያዳምጣል። መድረኩ ላይ ሽማግሌውና መኪናው ብቻ ናቸው። ምሁራኑ እንዲህ ያለውን ነገር ነው የመረመሩት፤ ሬዲዮው፣ ቴፑ፣ ቴሌቪዥኑ የሰውየውን አጻጻፍ ምን አደረገው?

ይህን ጉዳይ አንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ የሥነ ጽሑፍና የቴክኖሎጂ ውይይት ላይ አነሣሁት። ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ፤ ሁለቱንም ዛሬ እዚህ ላይ ልሞግታቸው ነው።

የመጀመሪያው ወገን «ይኸ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» አለኝ። «እኛ የሚበላ ሳይኖረን የቴፕ ፍልስፍና ምን ያደርግልናል? ሥነ ጽሑፍ የነፍስ ነው፤ መኪና የብረት ነው።» ሁለተኛው ወገን ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ «አይዞህ» አለኝ፤ «ሁሉ ነገር ስልክህ ላይ አለ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ልብ ወለዱንም እሱ ይጽፍልሃል።» አንዱ መኪናን ይጸየፋል፤ ሌላው ለመኪና ይሰግዳል። ሁለቱም ግን መኪናው በገዛ ድርሰታችን ላይ ምን እንደሠራ ለማየት አንገታቸውን ዘንበል አላደረጉም።

ለመጀመሪያው ወገን ልመልስ። የምንኖርበት ሰፈር ስሙ ሲኤምሲ ነው። ሲኤምሲ የቅዱስ ስም አይደለም፤ የጀግናም ስም አይደለም። በደርግ ዘመን ቤቶቹን የሠራው የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስም ምሕጻር ነው። እነሆ ልጆቻችን በዚያ ስም ተወልደው፣ ታቦቱንም «የሲኤምሲ ሚካኤል» ብለን ጠርተን እንኖራለን። የሥራ ተቋራጩ ምሕጻር ከመልአኩ ስም ጋር ተጋብቶ ከኖረ፣ መኪና ድርሰታችንን አልነካውም ብሎ የሚከራከረኝ ማን ነው?

መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፈጣሪ ተብለው ይታወሳሉ። ችግራቸው ምን እንደነበር አስቡት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር ማለት ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ያለው ግን ጥቂት ደርዘን ቁልፍ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ተቆራረጠ። ገላው አንድ ጊዜ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ ሌላ ጊዜ እየተመታ ይገጣጠም ጀመር። ከዚያም «ለመኪናው እንዲመች ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚሉና «አባቶች ያቆዩትን አትንኩ» የሚሉ ወገኖች ለዓመታት ተሟገቱ። መኪናው አማርኛን ይጽፋል ሲባል አማርኛውን በመኪናው ልክ እንስፋው ወደሚል ክርክር ተገባ። ይኸ የጥበብ ጥያቄ ካልሆነ የጥበብ ጥያቄ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ደራሲዎቹ እንምጣ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ስሙ እንደሚለው አደፈረሰ። ትረካውን ለአንድ ተራኪ ብቻ አልሰጠውም፤ ባላባቷን፣ ካህኑን፣ ገበሬውን፣ ከከተማ የመጣውን ተማሪ እያናገረ፣ ሁሉም በየአንደበቱ እንዲሟገት አደረገ። አንባቢው ጆሮውን ካልተጠቀመ ማን እንደተናገረ ይጠፋዋል። ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 «The Thirteenth Sun» ማለትም «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የምንለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን አወጣ። በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል የሠራ ሰው ነው። እንግዲህ ልጠይቅ፤ የላቲኑ ቁልፍና የተገጣጠመው ፊደል በዓረፍተ ነገሩ ላይ ምን ለውጥ አመጡ? ያ ሁሉ የድምፅ ትርምስ ሬዲዮ ከገባበት ዘመን ጆሮ ጋር ምን ዝምድና አለው?

በዓሉ ግርማንም እንጨምር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊመራ አሥመራ የሚወርድ ጋዜጠኛ ነው። ካሜራና ማይክሮፎን እውነትን እንዴት እንደሚያበስሉት፣ እንዴትም እንደሚያሳርሩት ከዚያ መጽሐፍ በላይ የነገረን ማን አለ? መንግሥት መጽሐፉን ወዲያው ከገበያ ለቀመው፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፉት አንባቢዎች አላስጠፉትም። ስለ «በዓሉ ግርማና ቴክኖሎጂ» ሦስት ቀን ሙሉ የሚያነጋግር ጉዳይ የለም የሚል ካለ ይምጣ፤ እዚሁ መጽሔት ላይ ይጻፍ።

እንግዲህ ጉባኤ እንጥራ? ሁለተኛውን ወገን የምሞግተው እዚህ ላይ ነው። ጉባኤ መጥራት ቀላል ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ የሻይ ዕረፍት፣ የምስክር ወረቀት፣ የማጠቃለያ ንግግር፤ ይህንን ተክነንበታል። ጥያቄው ከሻይ በፊት ጠረጴዛው ላይ ምን ይቀርባል የሚለው ነው። ፕራግ ላይ የተሰበሰቡት ምሁራን ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የቤኬትን ወረቀቶች ሲሰበስብ ኖሯል፤ ደራሲው ራሱ በሕይወት ሳለ ረቂቆቹን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ረቂቆቹ ፎቶ እየተነሡ፣ ስርዝ ድልዙ እየተነበበ፣ በኮምፒዩተር ለተመራማሪ ቀርበዋል። ጉባኤው የዚያ የአርባ ዓመት ድካም ፍሬ ነው። እኛ ግን ነገራችን «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው። በርበሬው ደግሞ በደራሲው ወረቀት ተጠቅልሎ ተሸጧል።

«ስልክህ ላይ አለ» ለሚለኝ ወዳጄ አንድ ነገር ላስታውሰው። በ1980ዎቹ በአማርኛ ኮምፒዩተር የተጻፈ ዲስኬት አለኝ። ስከፍተው አማርኛ የለም፤ የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ነጠብጣብ ተደበላልቆ ይመጣል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ይሰጥ ነበር፤ የአንዱን ሌላው አያነበውም። የግእዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የመጽሔት ጽሑፍ በየዲስኬቱ ታስሮ ቀረ። ሰንጠረዡን የሚያውቅ ሰው ካለ ይፈታል፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ብራና አምስት መቶ ዓመት ይቆያል፤ ዲስኬቱ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ዲዳ ሆነ። ቴክኖሎጂ በራሱ ምንም አያድንም። የሚያድነው ሰው ነው፤ ቴክኖሎጂ እጁን ያረዝምለታል እንጂ።

ይህን ማድረግ አንችልም የሚለኝ ደግሞ ታሪክ ያሳፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ከየገዳሙና ከየደብሩ ወደ 9,000 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ፤ ቅጂያቸውም አሜሪካ ሚኔሶታ ድረስ ተቀምጦ ይጠናል። አብዮት፣ ረሃብ፣ ጦርነት ባለበት ዘመን የተሠራ ሥራ ነው። ብራናው ፎቶ ተነሣ፤ ወረቀቱ ተረሳ። የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ስህተቱን በቢላ ፍቆ ያረመበት ቦታ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ የ1960ዎቹ ደራሲ የሰረዘው ቃል ግን ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ ነው። ጥንታዊ ሲሆን ቅርስ፣ የትናንት ሲሆን ውዳቂ የሚያደርገን ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

«ሕግ አለ» ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የታተመ ሥራ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቅጂው ገቢ ይሆናል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ ለታተመው ነው። ያልታተመው፣ የተሰረዘው፣ ሰባት ጊዜ የተጻፈው አንቀጽ ማን ዘንድ ይሂድ? የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በአንድ መድበል የወጡት ሠዓሊው ገጣሚ በስደት ካረፈ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ወረቀቶቹን ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች ባይኖሩስ ኖሮ?

አንድ ተቃውሞ ግን አከብራለሁ። «ረቂቅ የደራሲው ገመና ነው፤ ያሳተመውን አንብቡ፣ የቀረውን ተዉለት» የሚል ደራሲ ወዳጅ አለኝ። እውነት አለው። ረቂቁን በእጁ ያቃጠለ ደራሲ መብቱ ነው። ማንም በግድ አይቀማውም። ያቃጠለው ደራሲው ከሆነ ውሳኔ ነው፤ የሸጠችው የተቸገረች መበለት ከሆነች ግን ውሳኔው የእኛ ነው። እትዬን አልወቅሳቸውም። እሳቸው ያንን ጆንያ ይዘው «ተቀበሉኝ» ብለው የሚያንኳኩት በር በዚህ ከተማ ውስጥ አያውቁም ነበርና።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጉባኤው ይቆየን። መጀመሪያ በሩ ይከፈት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከሦስቱ አንዱ በጋዜጣና በሬዲዮ «የሟች ደራሲ፣ የመምህር፣ የጋዜጠኛ ወረቀትና ቴፕ ያላችሁ አምጡ፤ ዝነኛ መሆን አያስፈልግም» ብሎ ይጥራ። አንድ ክፍል፣ አንድ ስካነር፣ አንድ መዝገብ፣ አሮጌውን የፊደል ሰንጠረዥ የሚያውቁ ሁለት ባለሙያዎች፤ ለመጀመር ይህ ይበቃል። የአንድ ቀን የሆቴል ጉባኤ ወጪ ይህን ሁሉ ባይሸፍን፣ አብዛኛውን ይሸፍናል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ጉባኤውን ጥሩ፤ ያኔ እኔም ከሲኤምሲ ተነሥቼ በእግሬ እመጣለሁ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለን ልጆቻችንን እናስተምራለን። ለመወረስ ግን ወራሽ ያስፈልጋል። ያስቀረሁት እስር ወረቀት እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በበኩሌ ሞኝ መባልን መርጫለሁ፤ የያዝኩትን አልለቅም። ቅዳሜ ደግሞ ቆራሌው ይመጣል።