ዐጸዱን አፍርሶ መቅደስ ማነጽ

የቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ከመሐንዲስ ጋራ በተቀመጠ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የቁመትና የስፋት ነገር ነው፤ ቀጥሎ የገንዘቡ፥ ከዚያም የጕልላቱ ጌጥ ነው። ሕንፃው የሚቆምበት ምድር ምን እንደሚመስል፥ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፥ የክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ፥ በስፍራው ያለው ጽድና ወይራ ስንት ትውልድ እንዳስጠለለ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። መሐንዲሱ ሥዕሉን በነጭ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ በወረቀቱ ላይ ዛፍ ስለሌለ ምድሩም ዛፍ እንዲያጣ ይደረጋል።

ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ከጕሮሯቸው ቀንሰው የሚሰጡ፥ ስለ እግዚአብሔር ቤት የሚቀኑ ናቸው። ነገር ግን ግንቡን ብቻ ቤት ብለው ስለሚጠሩት፥ የጽሞና ቤት ምን እንደ ሆነ ዘንግተዋል። አበው ቤተ ክርስቲያን ሲሉ ከቅጽሩ በር አንሥቶ እስከ መንበሩ ድረስ ያለውን ሁሉ ማለታቸው ነበር። ሰው ከገበያ ጫጫታ ወጥቶ በአንድ እርምጃ ከቅድስት አይደርስም፤ በበሩ ይሳለማል፥ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ልቡ ይሰበሰባል፥ ከዚያ በኋላ ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ በየተራ ይከተላሉ። ደኑ የዚህ መሰላል ፊተኛው እርከን ነው። ወርቅ የሌለበት ሰም ምንም ቢያምር ቅኔ እንደማይባል፥ ጽሞና የሌለበት ግንብም ምንም ቢረዝም አዳራሽ ከመባል አያልፍም።

ከሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ የሚበረታው «ሕዝቡ በዝቷልና ጠባቡ ቤት አይበቃም» የሚለው ነው። መብዛቱስ እውነት ነው። ነገር ግን የጥንቱ አሠራር ለዚህ መልስ ነበረው፤ በዓል በሆነ ቀን ዐጸዱ በሞላው ቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ ከወይራው ሥር የቆመችው አሮጊት በውጭ ቀረች አትባልም። አሁን ግን ጥላው ተቈርጦ ሰፊ አዳራሽ ይሠራል፤ አዳራሹም ከጥቂት ታላላቅ በዓላት በቀር አይሞላም፤ በነዚያ በዓላት ደግሞ ሕዝቡ ሞልቶ ተርፎ እንደ ቀድሞው በውጭ ይቆማል። የቀድሞው ሰው በጥላ ይቆም ነበር፤ የዛሬው በፀሐይ ይቆማል። ትርፉ ይህ ነው።

«ሣርና ጭቃ ይፈርሳል፥ ሲሚንቶ ግን ይጸናል» ይላሉ። ይህም ቢሆን ሐሰት አይደለም። መክደኛ ሣር በታረሰ አገር አይገኝም፤ በየጊዜውም ማደሱ ምእመናንን ያደክማል። ስለዚህ ወደ ሣር ይመለሱ የሚል የለም፤ ጠቡ ከሲሚንቶው ጋራ ሳይሆን ስፍራን ካለማየት ጋራ ነው። ቆርቆሮውን ተመልከቱ። በሐምሌ ዝናቡ ሲወርድበት እንደ ነጋሪት ይጮኻል፤ የቀዳሹ ድምፅ ይዋጣል፤ ድምፁ ስለ ተዋጠ የድምፅ ማጉያ ይገዛል፤ ማጉያው ክረምት ካለፈ በኋላም አይወርድም፤ እንዲህ እያለ ለጸሎት የተሠራው ቤት ከመንደሩ ሁሉ ጩኸት የበዛበት ስፍራ ይሆናል። በጣራው ሥር የዕንጨት ኮርኒስ ቢደረግ፥ በዙሪያውም ዛፍ ቢተው፥ የነገሩ እኩሌታ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት «ቤቱ ከሩቅ መታየት አለበት» የሚል ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ላሊበላ ቢሄዱ ምን ይላሉ? ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣራው ከምድሩ ገጽ ስለማያልፍ ሰው ከአፋፉ እስኪደርስ ድረስ አያየውም። ከዚያው ከላስታ የሚገኘውን የይምርሐነ ክርስቶስን ሕንፃ ያነጸው ንጉሥም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ግንብ ሊያቆም በቻለ ነበር። እርሱ ግን ዋሻውን መረጠ፤ ዕንጨቱንና በኖራ የተለሰነውን ድንጋይ እያፈራረቀ በዋሻው ውስጥ አነጸ። ዝናቡን ተራራው ይመልስለታል፤ ከፊቱም የጽድ ደን ቆሞለታል። በደጋው አገርም ቢሆን መንገደኛ ከሩቅ የሚያየው ጕልላቱን አልነበረም፤ በተራቈተው ኮረብታ ላይ የዛፍ ክምር ባየ ጊዜ ደብር መሆኑን ዐውቆ ከበቅሎው ይወርድ ነበር።

በዚያው በላሊበላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ከፍልፍሎቹ በላይ በብረት ምሰሶ የተሸከሙ ጣራዎች ተተከሉ። ዝናቡ ድንጋዩን እየበላ ነበርና አሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጣራው የትም ሊተከል የሚችል ጣራ ነው፤ ሰማይን ለለመደ ድንጋይ የታሰበ አይደለም። በ2018 የከተማው ሕዝብ ምሰሶዎቹ በቅርሱ ላይ እንዳይወድቁ ፈርቶ ለሰልፍ ወጣ። ለመጠበቅ የተሠራው ራሱ ጠባቂ አስፈለገው።

ደኑን እንደ ትርፍ ነገር የሚቈጥሩ ካህናት ቅዱስ ያሬድን ያስታውሱ። ትምህርት በጠናበት ጊዜ ትሉ ሲወድቅና ሲነሣ ያየው በዛፍ ላይ ነው፤ ዜማውንም የተማረው ከአዕዋፍ እንደ ሆነ ይነገራል። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን የሚቈጥረው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተሸሽጎ ነው። ዛፉ ሲጠፋ በሲሚንቶ ምሰሶ ሥር ይሸሸግን? አንዳንዱ ደብር ደግሞ ጽዱን ቈርጦ ለገቢ ብሎ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ደርሷል፤ ምስጋናው አይቀርበትም። በሥሩ ግን ሌላ ዛፍ በደኅና አይበቅልም።

የሚጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ ተቈጥሯል። እነ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐጸድ መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ባሳተሙት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ አልቋልና ለብዙው ዘር ሌላ መጠጊያ የለውም። በዚያው አገር ካህናቱና ገበሬዎቹ ተስማምተው ከእርሻው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ፤ እርሻው ከድንጋይ ጠራ፥ ከብቱም ችግኙን እንዳይረግጥ ተከለከለ። ይህ ካብ የመሐንዲስ ሥዕል አልነበረውም፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት ሕንፃ ይልቅ ስፍራውን ዐውቆ የተሠራ ነው።

ገና ያልጀመሩ አሠሪዎች ጊዜ አላቸው። ዕቅዱን ከመፈረማቸው በፊት መሐንዲሱን አንድ ቀን በሐምሌ ዝናብ፥ አንድ ቀንም በሌሊት ሰዓታት ሲቆም ከዐጸዱ ውስጥ ያቁሙት፤ በወረቀቱም ላይ ዛፎቹን አንድ ባንድ ያስነድፉት። ግድግዳው የት እንዲቆም ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።