ሥራ ላጣ ተከራይ መንግሥት ኪራይ ይክፈልለት? በባሕር ዳር ላይ የተደረገ ሙግት

በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው የሚታሰብ አበልም ሆነ የቤት ኪራይ ድጎማ፣ ማለትም የተከራዩን ወርኃዊ ዕዳ በሙሉ ወይም በከፊል መንግሥት የሚሸፍንበት ክፍያ፣ በሕግ አልተደነገገም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ መዋጮ የሚያሰባስብ ቢሆንም፣ የሚከፍለው ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች እንጂ ለሥራ ማጣት አይደለም። ይህ ክፍተት በባሕር ዳር በኪራይ ድጎማ ይሞላ ወይስ በሌላ መንገድ በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል።

ድጎማው ይገባል

በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይ ከ2 ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ የዋጋ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥና መጠኑን ተቆጣጣሪው አካል እንዲወስነው በማዘዙ ለተከራይ ትልቅ ከለላ የሰጠ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ከለላው ሁሉ ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል በሚል ግምት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ገቢው የተቋረጠበት ሰው ሕጉ አብዝቶ በሚያስፈልገው ወር ሕጉን ያጣዋል።

የባሕር ዳር ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ወደ ጣና ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚሄደው ጎብኚ በመመናመኑ፣ ኑሯቸውን በጀልባ፣ በማስጎብኘትና በሆቴል መስተንግዶ ላይ የመሠረቱ ሰዎች አንዳች ጥፋት ሳይኖርባቸው ገቢያቸው ደርቋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቋሚ የሥራ ውል ስለሌላቸው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ማለትም ውል ሲቋረጥ በአገልግሎት ዘመን ልክ የሚታሰበው ገንዘብ፣ አይደርሳቸውም። ኪራይ አቅቶት ከሠፈሩ የለቀቀ ቤተሰብ ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው፣ ራሱንም ከዕድሩ ይነጥላል፤ የዕለት ሥራም ሆነ ቋሚ ቅጥር በአብዛኛው የሚገኘው በትውውቅ በመሆኑ፣ ሥራ አጡን ከሚያውቁት ሰዎች ማራቅ ሥራ የሚያገኝበትን መንገድ መዝጋት ነው።

ስለዚህ ከ6 ወር የማይበልጥ፣ ውሉ በተመዘገበ ቤት ላይ ብቻ የሚከፈልና በቀጥታ ወደ አከራዩ የባንክ ሒሳብ የሚገባ ድጎማ ሊኖር ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች መኖሪያና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲኖር ያዛል፤ በ1985 ኢትዮጵያ የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም በቂ መኖሪያን ከመብቶች አንዱ አድርጎ ይዘረዝራል።

ድጎማው አይገባም

የተቸገረ ተከራይ ሊረዳ እንደሚገባው የሚክድ የለም፤ የሚያከራክረው ገንዘቡ በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ ነው። በፈረንሳይ የቤት ኪራይ ድጎማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ተማሪዎችን ጨምሮ ወደ ብዙ ተከራዮች በተስፋፋ ጊዜ፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ጋብሪኤል ፋክ በ2006 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተጨመረው እያንዳንዱ ዩሮ 78 ሳንቲም ያህሉ ወደ ኪራይ ጭማሪ እንደሄደ አሳይታለች፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በአንድ በጀት ዓመት ሲጨምር ቤት ግን በዚያ ፍጥነት አይጨምርም። የባሕር ዳር ገበያ ከዚህም የጠበበ ነው፤ መሬት የመንግሥት ሆኖ በሊዝና በቤት ማኅበራት በኩል በዝግታ የሚቀርብ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ገቢ ተከራይ የሚተርፈው በሰው ግቢ ውስጥ የተሠራ ሰርቪስ ክፍል ነው።

የተመዘገበ ውል ይኑር የሚለው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ በላይ የተቸገረውን ሰው ያስቀራል። የሰርቪስ ክፍል ውል አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው፤ አከራዩም ራሱ በዚያች ኪራይ ኑሮውን የሚደጉም ጡረተኛ ወይም ባል የሞተባት እናት ሊሆን ስለሚችል፣ ምዝገባ የኪራይ ግብርን ያስከትላል ብሎ ይሸሻል፤ የድጎማ ወረቀት ይዞ ከሚመጣ ሥራ አጥ ይልቅ ደመወዝተኛውን ይመርጣል። ድጎማው ሥር በሰደደባት በብሪታንያ እንኳ አከራዮች ተደጓሚ አንቀበልም እያሉ በግልጽ ሲያስታውቁ ኖረው፣ ይህ ጥቅል ክልከላ ሕገ ወጥ አድልዎ መሆኑን የዮርክ አውራጃ ፍርድ ቤት የወሰነው በፈረንጆች ሐምሌ 2020 ነው።

ኢትዮጵያ የኪራይን ሸክም የማቅለልን ሥራ አስቀድማ ሞክራዋለች። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ ዝቅተኛውን ኪራይ እስከ ግማሽ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶችም ዛሬ የቀበሌ ቤት የሚባሉት ሆኑ። ኪራዩ ለዘመናት ባለበት በመቆየቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማደሻ እንኳ ሳይበቃ ጣሪያው ዘመመ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ቤት የደረሰው ሰው ይዞታውን ለልጆቹ አቆየ፤ ዘግይቶ ወደ ከተማ የመጣው ድሃ ግን የገበያውን ዋጋ ሲከፍል ኖረ። ይህ እጅግ የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ የሚደገምበት ምክንያትም የለም። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሆች በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ክፍያ የሚያገኙበት መርሐ ግብር፣ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች፤ ከ80 በላይ ከተሞችን ያቀፈው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ለድጎማ የሚታሰበው ብር ይህን ለማስፋት፣ ለምሳሌ የጣናን እምቦጭ ለማስወገድ ጉልበቱን ለሚሰጥ ሥራ አጥ ክፍያ፣ እንዲሁም ከተማው ራሱ ለሚያከራያቸው ክፍሎች ግንባታ ቢውል፣ ገንዘቡ ደመወዝም ቤትም ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የፈረንሳዩ ውጤት የተገኘው ድጎማው ሰፊና ቋሚ በነበረበት ሁኔታ ነው፤ እዚህ የታሰበው ግን አስቀድሞ በቤቱ ለሚኖር ተከራይ ለተወሰኑ ወራት የሚከፈል በመሆኑና የኪራይ ጭማሪን ተቆጣጣሪ አካል የሚወስን ከሆነ፣ አከራዩ ድጎማውን አይቶ ዋጋ የሚሰቅልበት በር ጠባብ ነው። እርግጥ አዋጅ 1320 ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚፈጸምባቸውን ከተሞች የመወሰኑን ሥልጣን ለክልሎች ስለተወ፣ ቁጥጥሩ በባሕር ዳር በሚገባ ሳይቆም ድጎማ መጀመር ስሕተት ይሆናል። የቃል ውልን በተመለከተ የቀረበው ተቃውሞ ግን እውነት ስለሆነ፣ የዕድር ዳኛና የጎረቤት ምስክርነት እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይገባል። አዲስ ክፍል ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል፤ የኪራይ ቀን ግን በየወሩ ይደርሳል። ከጡረታ መዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ለሥራ ማጣት ቢመደብ ቋሚ ሠራተኛውን ሊሸፍን ይችላል፤ ከመዋጮው ውጭ የሆነው የጣና ጀልባ ነጂ ድርሻ ግን ከክልሉ በጀት ሊመጣ የግድ ነው።