የድኻ ቤትና የእግዚአብሔር እንግዳ

ብዙ ሰዎች እንግዳ መቀበል የባለጠጋ ሥራ ይመስላቸዋል። «ጎተራዬ በሞላ ጊዜ እቀበላለሁ» ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው ግን ጎተራው በሞላ ጊዜ ሌላ ምክንያት ያገኛል።

አዴት ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የይልማና ዴንሳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ባላገር ጤፍና ገብስ፥ ስንዴና ዳጉሳ እያረሰ ይኖራል። አብዛኛው አዝመራ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ፥ በሐምሌና በነሐሴ የብዙ ድኻ ጎተራ ይጎድላል። በዚህ በጭንቅ ወራትም ቢሆን የቆሎ ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ይህም «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። ደበሎ ለብሷል፤ አኩፋዳውን አንግቷል፤ ውሻ እንዳይነክሰው በትር ይዟል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። «የማን ልጅ ነህ?» ብላ አትመረምረውም።

ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ ይጠራል። ወደ እነዚህ የመጡት ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ርቀው፥ ከማያውቃቸው ባላገር ደጅ እየለመኑ ተማሩ። ባላገሩ ደጁን ቢዘጋባቸው ኖሮ ትምህርቱ በተቋረጠ ነበር። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩት መካከል አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ እርሳቸውም «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ።

ነገር ግን አንድ ሰው «ልጆቼ ሳይጠግቡ ለሌላ ልስጥን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልጅን ማስራብ አይገባም። ሆኖም ተማሪው ከአንድ ቤት ብቻ አይለምንም። ከዚህ ቤት ቁራሽ፥ ከዚያ ቤት እፍኝ ሲያገኝ፥ አንዱም ቤት ሳይጎዳ እርሱ በልቶ ያድራል። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ተረት ይህን ያስረዳል። እያንዳንዱ ሰው «ሌላው ይስጠው» ያለ እንደ ሆነ ግን ተማሪው ጦሙን ያድራል።

ደግሞም የሰጠችው ሴት የራሷን ልጅ ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት ልካ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ልጇ ከማታውቃት ሴት ደጅ ቆሞ ይለምን ይሆናል። ስለዚህ ለእንግዳ የሚሰጥ ቁራሽ እንደ ብድር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ግን የተቀበለው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

የሚሰጠው ነገር ሲያንስ የሰጪው ፊት መልካም ይሁን። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባላልና። መሽቶበት ለመጣ መንገደኛ የእግር ውኃና በእሳት ዳር ማደሪያ ከተሰጠው ብዙ አግኝቷል። ፊቱን እያጠቆረ ፍሪዳ የሚያቀርብ ሰው እንግዳውን አሳፈረው። እንግዳም በበኩሉ ያገኘውን አይናቅ፤ በማለዳም አመስግኖ ይሂድ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም ከአሁን ጀምራችሁ ይህን ልመዱ። ከሩቅ መንደር የመጣ ጓደኛችሁ ምሳ ሳይዝ ቢቀር፥ ከዳቧችሁ ቆርሳችሁ ስጡት። «ለምን አልያዝህም?» ብላችሁ አትጠይቁት።