ልጅ የሚሞተው የት ሰፈር ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ማዳምም ስለ ደሞዝም አይደለም። ትንሽ ረዘም ስለሚል ማታ ሥራ ስትጨርሱ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዷ እህታችን ሀገር ቤት ያለችው እህቷ ወልዳ ልጁ እንደሞተባት ነግራን ነበር። ብዙዎች «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ሌላ ይተካላታል» አሏት። ማጽናናት ጥሩ ነው፣ ምንም አልልም። እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ፈጣሪ ሰፈር አይመርጥም እኮ። ሆስፒታል የት እንደሚሠራ፣ ድሃ የት ሄዶ እንደሚሰፍር የሚወስነው ሰው ነው። እና አንድ ከተማ ውስጥ ሆኖ የአንዷ ልጅ ሲተርፍ የሌላዋ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ መንገድና ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ካለንበት ሀገር ልጀምር። እኔ የምሠራው ያስ ደሴት ነው። የማዳም እናት አል ዐይን ስለሚኖሩ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደዛ እንሄዳለን። ማማ ከቢራ ነው የምንላቸው፣ ትዕግሥት ያላቸው ሴት ናቸው፣ የኔን ስብርባሪ ዐረብኛም ይረዱልኛል። አንድ ቀን እግራቸውን እያሸኋቸው እናታቸው ስንት እንደወለዱና ስንቱ እንደሞተ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። የታጠፈው ጣት ከቀረው ይበልጥ ነበር።

በኋላ በስልኬ ሳነብ የእሳቸው ቤት ነገር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አል ዐይን እስከ 1960 ድረስ ሆስፒታል አልነበራትም። በዛ ዓመት ሼክ ዛይድ የጋበዟቸው ፓትና ማሪያን ኬኔዲ የሚባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ሐኪሞች መጥተው በጭቃ ቤት ውስጥ ማከም ጀመሩ። ዛሬ ከናድ ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው፣ ስሙም የሀገሬው ሰው ኬኔዲን በራሱ አፍ ሲጠራ የወጣ ነው። በሆስፒታሉ ታሪክ እንደሚነገረው ያኔ ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ፣ ከወላዶቹም ሲሶ ያህሉ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በኤምሬት ከሺ ሕፃን ወር ሳይሞላው የሚሞተው አምስት አይደርስም። በረሃው ያው በረሃ ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው።

ወደ ሀገራችን ስመጣ፣ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በፈረንጅ 2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ውስጥ በሕይወት ከተወለዱ ሺ ሕፃናት 47ቱ በመጀመሪያው ወር ይሞቱ ነበር፣ አዲስ አበባ ግን 18። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ ስድስታችን ነን ያደግነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ አላስገረመኝም። «ድሮ እናቶቻችን ቤት ወልደው የለ እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። አዎ ወልደዋል፣ ስንት እንደቀበሩም አብራችሁ ጠይቋቸው።

ይሄን ሲያዩ ሰዎች አዲስ አበባ የገባች ነፍሰ ጡር ያለቀላት፣ የተረፈች ይመስላቸዋል። ያው ጥናት እንደሚለው በሀገር ደረጃ ከመቶ ወሊድ ጤና ተቋም የሚሆነው 26 ብቻ ሲሆን አዲስ አበባ ግን 97 ነበር። ታዲያ ሁሉም ማለት ይቻላል ሐኪም ቤት ከወለደ ልጅ ለምን ይሞታል?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ሐኪም ቤት መድረስ ሌላ፣ በሰዓቱ መድረስ ሌላ። ጤና ጣቢያ ሌላ፣ ሆስፒታል ሌላ። በከተማው ወደ መቶ የሚጠጋ ጤና ጣቢያ አለ፣ ደህና የመጣን ምጥ አዋላጆቹ በደንብ ያዋልዳሉ፣ ክፍያም የለውም። ልጁ በጎን ከመጣ፣ እትብቱ ቀድሞ ከወጣ፣ እናትየው ከደማች ወይ ደም ግፊቷ ከጨመረ ግን ኦፕራሲዮን ያስፈልግ ይሆናል፣ ያን ደግሞ አብዛኛው ጤና ጣቢያ አይሠራም። ሪፈር ይጻፍላትና ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። አሁን ሆስፒታሎቹን በሐሳባችሁ ካርታ ላይ አስቀምጧቸው፤ ጋንዲ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታ፣ ምኒልክ፣ ጳውሎስ። ሁሉም ከደርግ በፊት የተሠሩ ናቸው፣ ከተማው ትንሽ በነበረበት ጊዜ። ሕዝቡ ግን ኮንዶሚኒየም እየተባለ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጥቷል። በቅርቡም ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሡት ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ዳር ነው። በእግሯ ዘውዲቱ ትደርስ የነበረች የካዛንቺስ ሴት ዛሬ ምጥ ቢይዛት ስንት ታክሲ እንደምትቀያይር አስቡት። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ተሠርቷል፣ ተመስገን ነው፣ ግን ዳሩ በአንድ በኩል ብቻ አይደለም።

ታናሽ እህቴ ከነዚህ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ውስጥ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ባሏ ግንበኛ ነው። አምና የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጀመራት። ባጃጅ የለም፣ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎችም በዛ ሰዓት እዛ ድረስ አንመጣም አሉ። ሲነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሪፈር ጻፉላት። አምቡላንሱ ሌላ ሴት ይዞ ሄዶ ስለነበር ጠበቀች። መጀመሪያ የደረሰችበት ሆስፒታል አልጋ ሞልቷል ብሎ መለሳት። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ የልጁ የልብ ምት ጠፍቷል። ወንድ ነበር፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ምንም ያልጎደለው ልጅ። ስም አልወጣለት፣ ድንኳን አልተተከለለት፣ ሰው አንድ ቀን ተቀምጦ ተበተነ። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ «ሰው ቤት ናት፣ አታስደንግጧት» ተባብለው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ዘጠኙ ያለፈው በመንገድና በመጠበቅ ነው። አልጋ የለም ያላትን ሐኪም ክፉ ሰው ነው አልልም፣ አልጋ ከሌለ ከየት ያመጣል። ግን ይሄን ልጅ የገደለው በሽታ አይደለም። በዓለም ላይ በ2021 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ሕፃን ሞቶ ተወልዷል፣ ከአሥሩ ከአራት በላዩ ምጥ ሲጀምር በሕይወት የነበረ ነው። እነዚህን የሚያድነው ነገር ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ በምጥ ሰዓት የልብ ምቱን በየጊዜው የሚያዳምጥ ሰው፣ በሰዓቱ የሚደረግ ኦፕራሲዮን፣ ተወልዶ አልተነፍስ ላለው በመጀመሪያዋ ደቂቃ አየር የሚሰጥ ጭምብል።

የድሃ ሀገር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ያ ሁሉ ሐበሻ ያለበት ዋሽንግተን ዲሲ አናኮስቲያ የሚባል ወንዝ ከተማውን ይከፍለዋል። ከወንዙ ወዲያ በብዛት ጥቁሮችና ድሆች ናቸው የሚኖሩት፣ የሕፃናት ሞትም እዛ ይበዛል። በ2017 እዛ በኩል ያለው ብቸኛ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ። አዲስ ሆስፒታል የተከፈተላቸው በ2025 ነው። እስከዛ ለመውለድ ድልድይ ይሻገሩ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ!

አሁን ወደ ራሳችን። ያስ ላይ ሆነሽ ጥሩ ማዋለጃ በመኪና ሩቅ አይደለም። ማዳም ነፍሰ ጡር እያለች ቦርሳዋን ይዤ ስንት ጊዜ አብሬያት ገብቻለሁ። እዛው ቪላ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል የምታድር ሠራተኛ ብታረግዝ ግን ያ ሆስፒታል ከወሎ ይርቅባታል። የእኛ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በፈቃድ፣ በወረቀትና በፍርሃት ነው የሚለካው። ከመክተብ ጠፍታ ሙሰፋህ ሻቢያ ውስጥ አልጋ ተከራይታ ያለችው ደግሞ ከሁላችን ትብሳለች፣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚታወቀውን እንወቅ። አቡ ዳቢ ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ ያዘዘው ሕግ የ2005 ነው፣ በመታወቂያችሁ ይሠራል፣ መታወቂያችሁ ይኑራችሁ። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው 15 ቀን ከነደሞዙ። ያላገባች ሴት ማርገዟ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሕጉ ላልቷል፣ ግን ለልጁ ኃላፊነት ካልተወሰደና ወረቀት ካልወጣለት አሁንም እስር አለ። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም። ቢሆንም ሆዷን በሻርፕ አስራ ዘጠኝ ወር የደበቀችና ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዋን የወለደች ሴት ልጇንም ራሷንም ልታጣ ትችላለች። ደም ካያችሁ፣ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር ከመጣ፣ ውኃ ከፈሰሰ፣ ወይ ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ 998 ነው። ከዛ በኋላ ስላለው ነገር ኤምባሲያችን አቡ ዳቢ አለ፣ ቆንስላው ዱባይ።

ስለምንልከው ብርም አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። እህቶቻችን ሲያረግዙ ለአራስ ጥሪ፣ ለገንፎው፣ ለልብሱ፣ ለክርስትናው እንልካለን። እኔ ቅድሚያው ለመንገዱ ይሁን ባይ ነኝ። ዘጠነኛው ወር ሲገባ መሀል ከተማ ዘመድ ካለ እዛ ትክረም፣ ከሌለ ለአንድ ወር ሆስፒታል አቅራቢያ አንዲት ክፍል እንከራይላት። ይሄም ካልሆነ ሰፈሩ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ቀድሞ ይነገረው፣ የሌሊት ዋጋው ከአሁኑ ይያዝለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው 939 መሆኑ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ክትትሏን አታቋርጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ስምንት ጊዜ ነው የሚለው። መንግሥትም ቢሆን ሰውን ወደ ዳር ሲያወጣ አስፋልቱንና የመንገድ መብራቱን እንደሚያስበው ሁሉ ሌሊት የሚሠራ የኦፕራሲዮን ክፍል አብሮ ማውጣት አለበት። ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም፣ በውጭ ምንዛሪ ግን ድርሻችንን እየከፈልን ነው።

ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚሠራው የቅርብ ሆስፒታል የቱ እንደሆነና ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ደውላችሁ ጠይቁና ከስር ጻፉልኝ። በየሰፈሩ ለይቼ አርብ ማታ አንድ ላይ እለጥፈዋለሁ።