ሃምሳ ሎሚ ለአንዲት ነርስ

ከላስታ ተራሮች በሽተኛ ሲወርድ ያየ ያውቃል። ቃሬዛውን አራት ሰው ይሸከማል፤ የቀረው መንደርተኛ ከኋላ ይከተላል። ትከሻው የዛለ ይለቃል፣ ያረፈ ይተካል። «ብቻህን ተሸከም» የሚል የለም፤ ቢኖርም ይሳቅበታል።

ታዲያ ያው በሽተኛ የሆስፒታሉን በር ሲያልፍ ምን ይሆናል? መንደር የተፈራረቀበት ሸክም በአንዲት ነርስ ወገብ ላይ ይወድቃል! ስታነሣ፣ ስታገላብጥ ታድራለች። ጧት ወገቧን ይዛ ስትወጣ ደግሞ «አጎነባበስ አታውቂም» ትባላለች።

እኔ የምጣላው ከዚህች ወቀሳ ጋር ነው። በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግማሽ ያህሉ ነርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ «ወገቤን!» ብሏል። ይህ ሁሉ ሰው ማጎንበስ ጠፍቶት ነው?

ሒሳቡን እንሥራ። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ ሁሉ ነገር ቢመቻች እንኳ አንድ ሰው ሊያነሣ የሚገባው 23 ኪሎ ነው። ያውም ሣጥን! በሽተኛ እጀታ የለውም፤ ይንሸራተታል፣ ይንፈራገጣል። ስለዚህ ለበሽተኛ ልኩ ወደ 16 ኪሎ ግድም ወርዷል። 60 ኪሎ የሚመዝን ገበሬ ለሁለት ነርስ 30፣ 30 ኪሎ ይደርሳል። ለአራት ሲሆን 15። የላስታ ባላገር ያለ ናዮሽ ደርሶበታል እኮ!

«ሥልጠና እንስጣቸው» ይባላል። ሥልጠና አይጠላም፤ ብቻውን ግን ወገብ እንደማያድን ጥናቶች አሳይተዋል። ጉልበት አጥፎ መነሣት 30 ኪሎን 15 አያደርገውም። መድኃኒቱ ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፣ ጎማው የሚሽከረከር ጋሪ፣ በሽተኛን ከማንሣት የሚያንሸራትት ልሙጥ ጨርቅና ሳንቃ፣ ከሁሉም በላይ ተጨማሪ እጅ ነው። ሳንቃውን የላሊበላ አናጢ ይልገዋል።

«ድሃ ነን» የሚል አይጠፋም። ነን። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ግን ድሃ ከሆንን ያስተማርናትን ነርስ ወገብ መቅጨት በየትኛው አቅማችን? ወገቧ የተቀጨ ነርስ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለበትን በሽተኛ አታገላብጥም፤ ጀርባው ይቆስላል። የሷ ሕመም የሱ ቁስል ነው።

እናንተ ነገ ነጭ ጋውን የምትለብሱ! ለልምምድ ስትወጡ አጎነባበስ ብቻ አትዩ፤ እጅ ቁጠሩ። አልጋ ሲገዛ «ከፍ ዝቅ ይላል ወይ?» በሉ። አለቃ ቢቆጣ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን አስታውሱት።