አውራ ጣት ማሳረፍ ፈቃድ አይደለም



«ሳይንስ መሥዋዕት ይጠይቃል» የሚሉን አሉ። ይሁን፤ ነገር ግን መሥዋዕቱ ዘወትር ድኻው የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ በቱስኪጊ አካባቢ፣ የመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ድኾች ጥቁሮች ይከታተል ነበር። የበሽታቸውን ስም ሸሽጎ «ደማችሁ ተበላሽቷል» አላቸው፤ ነጻ ምግብና የቀብር ወጪም ቃል ገባላቸው። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ሲታወቅ መድኃኒቱን ነፈጋቸው። በ1964 ስለ ሕክምና ምርምር የሄልሲንኪ መግለጫ ወጣ፤ ጥናቱ ግን እስከ 1972 ቀጠለ።

ይህን የሠሩት መሃይማን አይደሉም፤ ሐኪሞች ናቸው። ውጤቱም በሕክምና መጽሔቶች በይፋ ይታተም ነበር። አብዛኛው ምሁር አነበበና ዝም አለ።

እንግዲህ ደንብ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን አይበቃም። ነገ በሽተኛውን ለጥናት የምንጠይቀው እኛው ነን። ገበሬው ማንበብ በማይችለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ስላሳረፈ ፈቀደ አይባልም። በቋንቋው ይነገረው፤ እምቢ ቢል ሕክምናው አይጓደልበት፤ የጥናቱም ውጤት ይነገረው። ይህ ሲጣስ አይቶ ዝም የሚል ተማሪ የበደሉ ተባባሪ ነው!