መጋቢት 24 ለወገል ጤናዋ እናት ምኗ ነው?

መጋቢት 24 ቀን ሲደርስ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊ ቲሸርት ይለበሳል፤ ባነር ይሰቀላል፤ "የክብር እንግዳው" ንግግር ያነባሉ። ከዚያ ሻይ ቡና ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ። ዕለቱ የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ወስኖት፣ እኛ ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ሲከበር ለማን ጠቀመ?

ጥያቄውን ይዘን ወሎ እንውጣ። ስሟ ላይ ጤና ያለባት ወገል ጤና ደላንታ ደጋ ላይ ናት። ከገደሏ የሚወጣው ኦፓል ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ተሻግሮ ፈረንጅ ጣት ላይ ያበራል። ድንጋዩ ዓለም ደረሰ፤ የዓለም ቀን የሚባለውስ ያንን ገደል ሽቅብ ይወጣል ወይ?

እስቲ አንዲት የዚያ አገር እናት እናስብ። ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ዓይን ለዓይን አያይም። ጀምሮት የነበረውን "እማ" ትቶታል። አንድ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል፤ ወፍጮ ሲነሳ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጎረቤት "ቡዳ በልቶት ነው" ይላል፤ ሌላው "የእናቱ ኃጢአት ነው" ይላል። ጠበል ትወስደዋለች። በጠበሉ የምንለው የለንም፤ ልጁ ግን ተመልሶም ያው ነው። መጨረሻው ጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋበታል፤ ማሳ ስትወርድ እንዳይጠፋባት ታስረዋለች። ጨካኝ ሆና አይደለም። የሚይዝላት ሰው የላትም!

ለዚህች ሴት አንድ ሰው ደጇ መጥቶ "ይህ ኦቲዝም ይባላል፣ የአእምሮ ዕድገት ነገር ነው፣ እርግማን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም፤ የሚያድነው መድኃኒት ባይኖርም በጊዜ ከተያዘ ብዙ ነገር ሊማር ይችላል" ቢላት ምን ያህል ሸክም እንደሚወርድላት አስቡት። ስለዚህ "የዓለም ቀን ምናባቱ፣ የፈረንጅ ፋሽን ነው" ከሚሉት ጋር አንስማማም። በሬዲዮ ቃሉን ሰምታ "ይሄማ የኔ ልጅ ነው!" ያለች አንዲት እናት ካለች ቀኑ በከንቱ አልዋለም።

የኛ ጠብ ሌላ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያኔ ይህ ቀን ገና አልተወለደም! በገዛ ፊደላችን ላይ የተመሠረተ "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" የተባለ ማስተማሪያም ቀመሩ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ቀኑ እናቲቱን አላመጣትም፤ እናቲቱ ቀኑን ቀደመችው። መንግሥት በዓሉን ያከብራል፤ ማዕከሉን የከፈተችው ግን እናት ናት። እሱም አዲስ አበባ!

የጤና ቀን ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰውን እንደ ቅጠል አረገፈው። ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም ኅዳር 12 ሲመጣ ሰው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ "ኅዳር ሲታጠን" ይባላል። (ጭሱ ራሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው ቢባልም፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።) ማንም አበል አልከፈለው፣ ማንም ቲሸርት አላደለው። ለምን ዘለቀ? እያንዳንዱ ቤት በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ ስላለው ነው። መጋቢት 24 ግን ተቀምጦ ከመስማትና አጨብጭቦ ከመነሳት ሌላ የሰጠን ሥራ የለም።

እንግዲያው ሥራ ይሰጠው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። በዚያ ሳምንት በደላንታ፣ በዋድላ፣ በላስታ በየደጁ "ስሙ ሲጠራ የማይዞር ሕፃን አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ቃሉ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ፣ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ይነገር። የተገኘውን ልጅ የሚያይ የሠለጠነ ባለሙያም በቅርብ ሆስፒታል ይኑር። እናቲቱን "አዲስ አበባ ሂጂ" ማለት "ተይው" ማለት ነው።

"የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ተዘርፎ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በተነሳው ግጭት መንገዱ አልታመን ብሎ እንዴት ተደርጎ?" እንባል ይሆናል። ወሎ ላይ የደረሰው ተነግሮ አያልቅም፤ እውነት ነው። ግን ሕፃናቱ አገር እስኪረጋጋ ድረስ ሦስት ዓመታቸው ላይ ቆመው አይጠብቁም።

ለመሆኑ የመጋቢት 24 አዳራሽ፣ ቲሸርትና ሻይ ቡና ስንት ወጣበት? ጤና ሚኒስቴር ቁጥሩን ይንገረን። ከደሴ ወገል ጤና ደርሶ መልስ የአንድ መኪና ነዳጅ ስንት እንደሚሆን እኛ እናሰላለን።